የተበላው ሽቦ

ሠሪዋ ሽቦ የምትመርጠው ዓይኗን ጨፍና ነበር።

በሰፈሩ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም «ሠሪዋ» ይላታል። ጊታር ትሠራለች፣ የተሰበረውንም ትጠግናለች። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። በጊታር አንገት ላይ እንደ መሰላል ደረጃ የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ተጫዋቹ ክሩን በጣቱ ሲጫን ክሩ የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነው፤ ድምፁም ከዚያ ላይ ይቆረጣል። ሽቦው የማይረባ ከሆነ እንጨቱ ምን ቢያምር ዋጋ የለውም። ጥርስ የሌለው ቆንጆ ማለት ነው፤ ዝም ሲል እንጂ ሲስቅ አያምርም።

አባቷ ያስተማሯት አመራረጥ ቀላል ይመስላል። ከጥቅሉ ላይ የጣት ርዝመት ያህል ትቆርጥና በአውራ ጣቷ ላይ ታጥፈዋለች። በጥፍሯ ትቧጭረዋለች። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና በመስኮቱ ደፍ ድንጋይ ላይ ትጥለዋለች። «ዓይን ይሸነገላል፤ ቢጫ ሲያይ ወርቅ ይመስለዋል። ጆሮ ግን ሽንገላ አያውቅም» ይሉ ነበር አባቷ። ለስላሳው ነሐስ ሲወድቅ ድምፁ አጭር ነው፤ ትንፋሹን እንደዋጠ ሰው። ጠንካራው ብረት ይጮኻል፤ ከወደቀ በኋላም ጥቂት ያፏጫል። በሁለቱ መካከል ድብልቅ ማዕድን የሆነው ነጩ አለ፤ አብዛኛው ደንበኛ የሚወስደው እሱን ነው። ለስላሳው ለጣት ይመቻል፣ ድምፁም ሞቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ይበላል። ክሩ እየፋቀው ቦይ ያወጣበታል። ጠንካራው አይበላም፤ ሞረድ ይጨርሳል እንጂ እሱ አያልቅም።

ሱቁ አንድ ደንብ ነበረው። ከጊታር የተነቀለ አሮጌ ሽቦ አይጣልም፤ ወደ ሌላ ጊታርም አይገባም። በክር ታስሮ ለባለቤቱ ይመለሳል። «የተበላው ቦታ የሰውየው ድካም ነው። የሰው ድካም እኛ ቤት አያድርም» ነበር የአባቷ ቃል። ደንበኞች ይስቃሉ፤ ይቀበላሉ፤ አንዳንዱ ከበሩ እንደወጣ ይጥለዋል። ይሄኔ አባቷ ከነሽርጣቸው ወጥተው ከመሬት ያነሡና እየሮጡ ይደርሱበታል። «አንተ ልጅ፣ ጣትህን ረስተህ ሄድክ እኮ!»

አባቷ ሲሞቱ የራሳቸው ጊታር ከበርጩማቸው በላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

እሳቸው ወጣት ሳሉ ከጣራ ወድቀው የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው ጠምዝዞ ስለገጠመው ክሩን ቀጥ አድርገው መጫን አይችሉም፤ እየገፉ ነበር የሚጫኑት። ስለዚህ በሌላው ሰው ጊታር ላይ ቦዩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ በእሳቸው ጊታር ላይ ግን ወደ ታች ያዘመመ ነበር። ሠሪዋ ያንን ዘመም ያለ ቦይ ከፊርማቸው ይልቅ ታውቀዋለች።

በሥራ ቀን ሁሉ ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ የሞረዶቹን መደርደሪያ ሲነካ፣ አባቷ ሥራ ያቆማሉ። ባለ ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ ይቀመጡና አንድ ዜማ ይጫወታሉ። ሁልጊዜ ያው ዜማ ነው። ወደ ላይ እየወጣ፣ እየወጣ ይሄድና የጊታሩ አንገት ከሳጥኑ ጋር ወደሚጋጠምበት ሲደርስ ይቆማል። የተጠመዘዘው አንጓ ከዚያ በላይ አያወጣቸውም። ይስቁና «ቀሪው ለነገ» ብለው ጊታሩን ይሰቅሉታል። ቀሪውን የሰማ ሰው የለም።

ሠሪዋ ግን አትጫወትም። ትቃኛለች፤ በየሽቦው ላይ እየተጫነች ድምፁን ታዳምጣለች፤ ከዚያ ያለፈ ዜማ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ልጅ ሳለች «አባባ፣ አስተምረኝ» ብላቸው ነበር።

«አንቺ ጆሮ ነሽ። ለእጅ እኔ እበቃለሁ» አሏት።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ሱቅና ሥራ ቦታ ነው፤ የኋለኛው መኝታ። በመካከላቸው መጋረጃ ብቻ አለ። እናቷ ቀኑን ሙሉ ከመጋረጃው ወዲያ በአልጋቸው ጠርዝ ይቀመጣሉ። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ቆልምመው ስኒ ለማንሳት እንኳ ሁለት እጅ ያስፈልጋቸዋል። አንደበታቸው ግን አልቆለመመም።

ከሐዘኑ ጥቂት ወራት በኋላ በአንድ እሑድ ታናሽ ወንድሟ ሊጠይቃቸው መጣ። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው፤ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል፤ ሠሪዋ ግን አሁንም «ማሙዬ» ነው የምትለው። ከሥራው የተነሣ ቀኝ እግሩ አመል አውጥቷል። አንድ ነገር ሲያስደነግጠው የተቀመጠበት ሆኖ ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን የያዘ ይመስለዋል።

«እንዴት ነሽ እማዬ? አልሰለቸሽም ብቻሽን?» አላቸው።

«ምን ብቻዬን ነኝ? አባትህ ይጫወትልኝ የለ!»

የወንድምየው እግር ወለሉን ረገጠ። «መቼ?»

«ሲጫወት በኖረበት ሰዓት ነዋ። እሑድ ብቻ ነው የሚቀረው። አባትህ ሥራ በሌለበት ቀን አይጫወትም ነበር፤ አሁንም አልተለወጠ።»

ወንድምየው እህቱን በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ሱቁ አወጣትና መጋረጃውን ጎተተ።

«እትዬ፣ ሰምተሻል አይደል?»

«እርጅና ነው ማሙዬ። ሰው ሲናፍቅ ጆሮው ይፈጥራል።»

«አንቺ ትሰሚያለሽ?»

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ከሰዓት ሁልጊዜ እዚሁ ሥራዬ ላይ ነኝ።»

«በቃ! ዛሬ ‹ተጫወተልኝ› ያለች ነገ ‹ጠራኝ› ብላ አስፋልት ላይ ትወጣለች። እዚያ ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደሚነዳ እኔን ጠይቂኝ፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እኔ ቤት ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አለ። ቀለም አስቀባዋለሁ፤ ሲደርቅ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«መስኮቱ ወዴት ነው?»

«ወደ… ወደ ጎረቤት ግድግዳ። ግን ሰፊ ክፍል ነው።»

«በሩስ?»

«ከውጭ ይቆለፋል። ለራሷ ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ!»

«እማዬ ከዚህ ቤት ከወጣች አትቆይም። ታውቃለህ።»

«እዚህስ? ከሞተ ሰው ጋር አይደል የምትኖረው?»

ሠሪዋ ቀና ብላ ጊታሩን አየች። ከዚያ ሠሪ የሆነ ሰው ብቻ የሚያስበውን አሰበች።

«ሽቦውን ልጠይቀው» አለች።

«ምኑን?»

«የአባባን አሮጌ ሽቦ ነቅዬ አዲስ አደርግበታለሁ፤ በጣም ለስላሳውን። ማንም ካልነካው እንዳለ ይቆያል። የተጫወተበት ካለ ግን ይበላል። ያኔ እማዬ አላበደችም ማለት ነው።»

«እንዲያው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ወንድምየው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። «ይሁን። ካልተበላ ትመጣለች፤ ሁለተኛ ክርክር የለም።»

«ከተበላስ?»

«ከተበላማ… እኔ ራሴ ገብቼ እተኛበታለሁ እዚያ ክፍል ውስጥ። በላዬ ላይ ቆልፉብኝ።»

በማግሥቱ ሠሪዋ ሦስቱን ጥቅሎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ብረቱን ወዲያው ገፋችው። ብረት ዓመት ቢጫወቱበትም ምንም አይናገርም፤ አፉን ለጉሞ የሚያልፍ ምስክር ነው። ነጩም ዘገምተኛ ነው፤ እሱ እስኪመሰክር ቀለሙ ደርቆ ያልቃል። ምስክር የሚፈልግ ሰው በቀላሉ የሚጎዳውን ይመርጣል። ነሐሱን ወሰደች። እሱም አልበቃትም። ቆራርጣ በፒንሳ እየያዘች በጋዙ እሳት ላይ ፍም እስኪመስል አጋለችውና እንዲሁ እንዲቀዘቅዝ ተወችው። እንዲህ የተደረገ ነሐስ ይለሰልሳል፤ ጥፍር ብቻ ምልክት ይተውበታል። ይህን ለደንበኛ የሚያደርግ ሠሪ ሱቁን ቢዘጋ ይሻለዋል።

እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና አንዱን ቁራጭ ድንጋዩ ላይ ጣለችው።

ምንም አልሰማችም። አምልጧት ሌላ ቦታ የወደቀ መስሏት ዓይኗን ገለጠች። ድንጋዩ ላይ ነበር። አንሥታ ደግማ ጣለችው፤ አሁንም ሲወድቅ አልተሰማትም። «መለስለሱ ነው» አለች ለራሷ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

የአባቷን አሮጌ ሽቦዎች በጥንቃቄ ነቀለች። ሁሉም ዘመም ብለው ተበልተዋል፤ ላይኞቹ ብቻ፣ የአባቷ እጅ ያልደረሰባቸው፣ እንደ አዲስ ያብረቀርቃሉ። በደንቡ መሠረት አስራ ለእናቷ ሰጠቻቸው። እናቷ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ትራሳቸው ሥር አስቀመጧቸው። አዲሱን ሽቦ በመዶሻ መምታት አልቻለችም፤ ይጣመማል። በእንጨት ቁራጭ እየተጫነች አንድ በአንድ ወደ ቦታው አስገባችው። ጫፎቹን ቆረጠች፣ ሞረደች፣ ክር አደረገች። ከዚያ ጊታሩን ጣራው ሥር ባለ ሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ካልወጡ የማይደረስበት ቦታ ነው። እናቷ እንኳን ጠረጴዛ ላይ ሊወጡ ከአልጋቸውም የሚነሡት በድጋፍ ነው። በመጨረሻ ከጎረቤቷ ከልብስ ሰፊው ቀይ የልብስ ስፌት ክር ለምና የጊታሩን አንገት ከነክሮቹ ጠመጠመችበት፤ ቋጠረችውም። የሚጫወት ካለ መጀመሪያ ቀዩን ክር መበጠስ አለበት።

በየማለዳው ቀና ብላ ታያለች። ቀዩ ክር እንደታሰረ ነው። እፎይ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ እናቷ ትዝ ይሏትና እፎይታዋ ይመርራታል። ክሩ ደኅና ከሆነ እናቷ ሊወሰዱ ነው።

ሥራዋም አልሰምር አላት። ምክንያቱ ኮላው ነበር። ከሰዓት በኋላ ኮላ ቀብታ እንጨቱን ልትገጥም ዘወር ስትል ደርቆ ታገኘዋለች። ኮላ ሻጩ ዘንድ ሄዳ ጮኸችበት።

«አሁን ይሄ ኮላ ነው? ከብሩሹ ሳይወርድ እኮ ነው የሚደርቅ!»

«እመቤቴ፣ ይሄ ኮላ በቶሎ ቢደርቅ ኖሮ እኔ ሀብታም በሆንኩ» አላት ሰውየው። ሌላ ቆርቆሮ ሰጣት። እሱም ደረቀ። ሻይዋም እንዲሁ፤ ገና አሁን ቀዳሁት ያለችው ቀዝቅዞ፣ ሰፈፍ ለብሶ ይጠብቃታል።

አንድ ቀን በልብስ ሰፊው ደጃፍ ስታልፍ ጠራት። አጭር፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ አፉ ውስጥ ሁልጊዜ መርፌ ስለማይጠፋ በከንፈሩ ጥግ ነው የሚያወራው።

«እቴ፣ ቀዩ ክር ዛሬም ያልቅብሻል መሰለኝ። ምን እየሰፋሽበት ነው? ሙያዬን ልትቀሚኝ ነው እንዴ?»

«ዛሬም? አንድ ጊዜ ነው የወሰድኩት።»

ልብስ ሰፊው መሳቅ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው። መርፌውን ከአፉ አወጣ። «አዎ… አንድ ጊዜ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«ከሰዓት በኋላ ከእኛ ቤት የሚሰማህ ነገር አለ?»

«በዚህ የስፌት መኪና ጩኸት ምን ይሰማኛል ብለሽ ነው?» አለና ፔዳሉን ረገጠ። ሠሪዋ ግን አየች፤ መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።

ወንድምየው የደወለው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቀለሙ ደርቋል፤ ነገ እመጣለሁ አላት።

በማግሥቱ ማለዳ ሠሪዋ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ጊታሩን አወረደች። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። መጀመሪያ ያየችው ቀዩን ክር ነበር። እሷ ስታስረው አንድ ቋጠሮ ነበረው። አሁን አሮጌ ቋጠሮ በአዲስ ቋጠሮ ላይ ተደራርቦ፣ ቁርጥራጩ ተቀጣጥሎ፣ እንደ ቁስል ጠባሳ አብጧል። በመቀስ ቆረጠችው። የጊታሩን ክሮች አላልታ ወደ ጎን ገፋችና አንገቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው።

ሽቦው ተበልቷል።

ቦዩ ጥልቅ ነበር፤ ወደ ታችም ያዘመመ። ጣቷን አሳለፈችበት። ልጅ ሳለች አባቷ ጣቷን ይዘው ያሳለፉበት ያው ቦይ ነው። ጣቷ ወደ ላይ ቀጠለ። አንገቱ ከሳጥኑ የሚጋጠምበት ደረሰ፤ እዚያም አልቆመም። አባቷ በሕይወታቸው ሙሉ ያልደረሱባቸው ላይኞቹ ሽቦዎችም ተበልተዋል። እነሱም ዘመም ብለው ነው።

ጊታሩን ታቅፋ መጋረጃውን ገለጠች።

«እማዬ፣ እውነትሽን ነው። አባባ ነው! አላበድሽም፤ የትም አትሄጂም! ማሙዬ ይምጣና ይየው!»

እናቷ ደስ አላላቸውም። ልብሳቸውን በነጠላ ሲቋጥሩ ነበር። የቆለመሙ እጆቻቸውን ዘረጉ።

«እጅሽን አምጪ። ግራሽን።»

ሰጠቻቸው። እናቷ መዳፏን ገለበጡት። በአራቱ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ክር የሚያክል መስመር ሰርጉዷል፤ መስመሩ አረንጓዴ ቢጫ ነበር፤ ዘመምም ያለ።

«የነሐስ እድፍ ነው፤ ሥራዬ ነው» አለች ሠሪዋ።

«ቀኝሽንስ?»

ቀኝ እጇን አየች። ሞረድና መዶሻ የሚይዘው እሱ ነው። ጣቶቹ ሻካራ ነበሩ እንጂ መስመር የሚባል የለባቸውም።

እናቷ እጇን ሳይለቁ ዝግ ብለው ተናገሩ። «ከሐዘኑ ወዲህ ነው የጀመረሽ፤ በመጋረጃው ክፍተት አይሻለሁ። ብርሃኑ የሞረዶቹን መደርደሪያ ሲነካ የያዝሽውን ታስቀምጫለሽ። ጊታሩ ከበርጩማው በላይ ሳለ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ወጥተሽ ታወርጂዋለሽ። ቀዩን ክር ትፈቺያለሽ፤ አልፈታ ሲልሽ በጥርስሽ ትበጥሺዋለሽ። በአባትሽ በርጩማ ላይ ትቀመጫለሽ። አንጓሽ ይጠመዘዛል። ከዚያ ትጫወቻለሽ። ስትጨርሺ ሄደሽ ክር ታመጪና መልሰሽ ታስሪያለሽ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ መጫወት አልችልም።»

«አውቃለሁ፤ አንቺ አትችይም።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«የመጀመሪያው ቀን ጠርቼሽ ነበር። ቀና ብለሽ አየሽኝ።» እናቷ እጇን ለቀቁ። «ያየኝ ዓይን ያንቺ አልነበረም። ሁለተኛ አልጠራሁሽም።»

ሠሪዋ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጊታሩ በጭኗ ላይ ነበር፤ ቶሎ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

«ታዲያ ለማሙዬ ለምን አባትህ ነው አልሽው?»

«ውሸት ነው እንዴ?» አሉ እናቷ። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ። «እሱ አንድ ቀን ድንገት በሥራ ቀን ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ቢሰማ አንቺን ነበር የሚወስድሽ። ድምፅ እንዳለ አስቀድሜ ነገርኩት፤ እብዷ እኔ ልሁን ብዬ ነው። አሮጊት ብታብድ ማን ይገረማል? አንቺ ግን ሱቅ አለሽ። እብድ የሠራውን ጊታር ማን ይገዛል? ልብስ ሰፊውንም ዝም እንዲል ለምኜዋለሁ። አፉን ዘግቷል፤ ክሬን ግን ጨረሰችው እያለ ያማል። በይ አሁን ይህን ጉድ ነቅለሽ ብረቱን ሽቦ አድርጊበት። ሲመጣ አልተበላም በዪው። እኔ እሄዳለሁ።»

«መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያሳየው።»

«እዚህስ መጋረጃ አይደል የማየው?»

ሠሪዋ ስለ ሽቦ ዋሽታ አታውቅም። ብረቱን አላወጣችም።

ወንድምየው የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሽቦውን አሳየችውና ግራ እጇን ዘረጋችለት። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እናቷ ከመጋረጃው ወዲያ «አትስማት! አትስማት ልጄ!» ይሉ ነበር።

ወንድምየው እዚያ ሱቅ ውስጥ ያደገ ነው፤ አውራ ጣቱን በቦዩ ላይ ሲያሳልፍ ፊቱ ተለዋወጠ። ግን ራሱን ነቀነቀ።

«በሞረድ አድርገሽው ነው።»

«በሞረድ የተደረገ ጫፉ ስለት አለው። ንካው፤ እንደ ሳሙና ነው።»

«እሺ። አንቺ ነሽ የምትጫወቺው ካልሽ እንግዲህ ተጫወቺ።» ጊታሩን አንሥቶ ሰጣት። «በይ! አድማጭ አለሽ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ክሮቹን ቃኘች። ጣቶቿን አስቀመጠች። ያ ዜማ ጆሮዋ ውስጥ ጥርት ብሎ አለ፤ ጣቷ ግን እንደ ሌላ ሰው ጣት ደነዘዘ። አንድ ድምፅ አወጣች፤ ሁለተኛው ሻከረ፤ ሦስተኛው አልወጣም።

ወንድምየው እጆቹን አጨበጨበ። «ጎሽ! በዚህ እጅ ነው ሽቦ የተበላው? እትዬ፣ እሷ ላንቺ ታብዳለች፤ አንቺ ለእሷ ታብጃለሽ። ሁለታችሁ ተማክራችሁ እኔን ልታሳብዱኝ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ልቀቂያት አሁን። ለእሷ የሚሻለውን ነው የማደርገው።»

የእናቷን ቋጠሮ ወደ በሩ አወጣ። ሠሪዋ የመሰነባበቻ ሻይ ቀዳች፤ ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት። ሦስቱም ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ፤ እናቷ በወንበሩ፣ ወንድምየው በአንድ የዕቃ ሣጥን ላይ፣ እሷ በበርጩማው። ስኒዎቹ ይጨሳሉ። ወንድምየው ስለ መንገዱ፣ ከሰዓት በኋላ ስለሚበዛው መኪና ያወራ ነበር። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። የሞረዶቹን መደርደሪያ ነካ።

«ቢያንስ ትራሷን ልስጣት» አለችና ሠሪዋ ብድግ አለች።

ብርሃኑ በሩ ሥር ነበር።

ቀና ብላ አየች። ሻይዋ ቀዝቅዞ ሰፈፍ ለብሷል። ጊታሩ ጭኗ ላይ ነበር። ግራ አንጓዋ ያማት ነበር፤ ተሰብሮ የማያውቀው አንጓ። እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የቆለመሙ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ወንድምየው ሣጥኑ ላይ የለም። ጀርባውን ከበሩ አስጠግቶ ቆሟል። ቀኝ እግሩ ወለሉን እንደረገጠ ነው፤ በሙሉ ኃይሉ፣ መኪናው እንዳልቆመለት ሰው። ፊቱ በእንባ ርሷል።

«ማሙዬ?» አለች።

በድምፅዋ ደነገጠ። ከዚያ ትንፋሹ ተለቀቀ። «አንቺ ነሽ? አሁን አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ምን ሆነ?»

«አልቆመም» አለ ወንድምየው። «እዚያ ጋ ሲደርስ ይስቅ የለ፣ ‹ቀሪው ለነገ› ይል የለ? አልቆመም እትዬ። ቀጠለ። ላይ ድረስ ሄደ። ቀሪውን… ቀሪውን ሰማሁት።»

«ያምራል?»

ወንድምየው ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬም አልመለሰላትም።

የእናቱን ቋጠሮ አንሥቶ ወደ አልጋቸው መለሰው። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «ብረቱን አድርጊበት፣ እትዬ። የማይበላውን። ለምን ታዪዋለሽ?» አለ፤ ወጣም። በመስኮቱ ስታይ ልብስ ሰፊው ስፌቱን ትቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ተያዩ፤ ሰላምታ ግን አልተለዋወጡም።

ሠሪዋ በማግሥቱ ጥቅሎቹን እንደገና ዘረጋች። የወንድሟ ምክር የሚጠላ አልነበረም። ብረት ቢገባ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይመስላል፤ በማለዳ አንገቱን ታያለች፣ ለስላሳ ነው፣ ምንም አልሆነም ትላለች። ግን ያ ሰዓት ከእሷ የሚሰወር ሰዓት ነው። እዚያ ምን እንደምታደርግ ራሷ አታውቅም፤ እናቷም አንድ ቀን ያልፋሉ። ያኔ የሚነግራት ማን ነው? ነሐሱን ወሰደች። በእሳት አጋለችው። ድንጋዩ ላይ አልጣለችውም።

አዲሱን ሽቦ አስገብታ ስትጨርስ የተበላውን አስራ ወደ እናቷ ይዛ ገባች።

«የእኔ እዚህ ነው» አሉ እናቷ ትራሳቸውን እየነኩ። «ያ የእኔ አይደለም፤ ለባለቤቱ ስጪ። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጥቂት አሰበች። ከዚያ እስሩን ወስዳ በባዶው በርጩማ ላይ፣ መሐሉ ላይ፣ ለሰው እንደሚሰጥ አድርጋ አስቀመጠችውና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የአንድ ደንበኛ ጊታር ጎኑ ተላቅቆ ነበር። ብሩሹን ኮላ ውስጥ ነክራ በስንጥቁ ላይ ቀባች።

ቀና ስትል ብርሃኑ በሩ ሥር ደርሷል። በርጩማውን አየች። ምንም አልነበረበትም።

እጇን ቀስ ብላ ወደ ሽርጧ ኪስ ሰደደች። ሽቦዎቹ እዚያ ነበሩ። አላወጣቻቸውም። ኮላው ምን ያህል እንደደረቀ ለማየት ዞረች።